ከሽማግሌዎች ጋር የሄደችው ሳላማንደር

ይህ ጉዞ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሞልቷል። እኔ ደግሞ ቤተ መንግሥት አላየሁም፣ ሙዚየም አልገባሁም። ያየሁት ጀሞን፣ መካኒሳንና ብስራተ ገብርኤልን ብቻ ነው፤ ሦስቱም ያሉት አንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ሆኖም እናቴ ጎረቤት በመጣ ቁጥር "እስኪ የማሩን ነገር ንገሪያቸው" እያለች ስላስቸገረችኝ፣ አንዴ ጽፌው ብገላገል ይሻላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ምን ተሸክሜ እንደሄድኩ ልናገር። እዚሁ ቦንጋ የባዮሎጂ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን አቶ አበራ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ አንዲት ሳላማንደር አለቻቸው። ሳላማንደር እንሽላሊት ትመስላለች እንጂ አይደለችም፤ ዘመዷ እንቁራሪት ነው። በአገራችን ወንዝም ሆነ ጫካ አትገኝም። ይህቺን ከብዙ ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ያመጧት የመምህር አበራ አስተማሪ የነበሩት ዶክተር ሳሙኤል ናቸው። ሥጋዋ በመድኃኒት እንደ ብርጭቆ ጠርቷል፤ አጥንቷ ቀይ ተቀልሟል፤ ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ተኝታ ስትታይ ፍጥረት ሳትሆን የፍጥረት ሥዕል ትመስላለች።

ችግሩ የራሷ ነገር ነው። አንድ ጊዜ መደርደሪያው ወድቆ ጠርሙሶች ተሰባበሩ፤ ከወለሉ ላይ ሲለቃቀም የዚህችኛዋ ራስ ከአከርካሪዋ ተለይቶ ተገኘ። መምህር አበራ ራሱን መልሰው በቀጭን ክር አሰሩት። ከዚያ ወዲህ የመጣ ተማሪ ሁሉ እንደ አንድ ፍጥረት እያየ ስሏታል። እሳቸውን ግን ጥርጣሬ አልለቀቃቸውም። እኔ በእረፍት ጊዜ ጀሞ ያለችው አክስቴ ጋ እንደምሄድ ሲሰሙ፣ ሳላማንደሯን ጡረታ ወጥተው መካኒሳ ለሚኖሩት ለዶክተር ሳሙኤል እንዳሳይ ሰጡኝ።

"ራሱ የእሷ ከሆነ እሰየው" አሉኝ። "ካልሆነም እውነቱን ይዘሽልኝ ነይ።" ፊታቸው ግን የፊተኛውን ነበር የሚፈልገው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ቁም ሣጥኑ ያለበትን ክፍል ቁልፍ የሚይዝ አንድ ተማሪ እንደሚመርጡም ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሳላማንደሯ ብትጠፋ ደግሞ ራስ ያላት ሌላ የለችም።

ሐሙስ

ከቦንጋ በአውቶቡስ የተነሳነው ገና ጭጋጉ ሳይገለጥ ነው። እናቴ ለአክስቴ የሚሆን ማር በጠርሙስ አድርጋ ሰጠችኝ። ጥንቃቄ ስለምወድ ሁለቱንም ጠርሙሶች በጋዜጣ ደህና አድርጌ ጠቅልዬ በፕላስተር አሸግኩ። ማሩን ከቦርሳዬ ሥር ከተትኩት፤ ሳላማንደሯን አቀፍኳት።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት ጅማ ሳንደርስ "ማር ነው አይደል?" አሉኝ። ከቦንጋ የሚመጣ ሰው ጠርሙስ ካቀፈ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። አለመዋሸት ስለፈለግሁ የእንስሳ አጥንት ነው አልኳቸው። ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አሉ። ይሁን እንጂ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ጊቤን ስንሻገር ቆሎ ሰጡኝ፣ እጃቸውን የቻሉትን ያህል ዘርግተው።

ወልቂጤ ለምሳ ቆምን። ሰው ሁሉ ክትፎ ቤት ሲገባ እኔ እናቴ የቋጠረችልኝን ቆጮ በላሁ። ቆጮ ከቤት ሲርቅ እንደሚጣፍጥ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከሰበታ በኋላ መኪናው ከመሄድ ይልቅ መቆም አበዛ። በእኛ አገር መንገድ የሚዘጋው በከብት ነው፤ ከብት ደግሞ ጅራፍ ሲሰማ ይነሳል። እዚህ መንገዱን የሚዘጋው መኪና ነው፣ ጡሩንባ ቢነፋበትም አይሰማም።

አክስቴ አልማዝ አየር ጤና ወጥታ ተቀበለችኝ። አቅፋ ሳመችኝ፣ "ጌታ ይባረክ፣ በሰላም አደረሰሽ" አለችኝ፣ ወዲያውም ያቀፍኩትን ከእጄ ወሰደች። እንግዳ እቃውን ተሸክሞ ወደ ዘመድ ቤት አይገባም። ጀሞ ያለው ኮንዶሚኒየሟ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ደረጃው ሁሉ ጀሪካን ነው። ያን ቀን ፈረቃው አልነበረም፤ አክስቴ ግን እግሬን ሳልታጠብ እንዳልተኛ ብላ ከታች አንድ ጀሪካን አስመጣች። አልጋዋንም ለቀቀችልኝ። እንቢ ብላት "አንቺ ነሽ የመጣሽው ወይስ እኔ?" ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ከመተኛቴ በፊት ጠርሙሱ የት እንዳለ ጠየቅኳት። "ደህና ቦታ ነው ያለው፣ አታስቢ" አለች።

ዓርብ

ስነቃ አክስቴ ወደ ሥራ ሄዳለች። ቦርሳዬ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ አገኘሁ። ማሩን ወስዳ ሳላማንደሯን መልሳ አስገብታልኛለች ብዬ በልቤ አመሰገንኳት፤ መምህር አበራ በመንገድ እንዳትከፍቺ ስላሉኝም አልከፈትኩትም።

የመካኒሳ ታክሲ ውስጥ በእኛ ባጃጅ ሦስት የምንቀመጥበት ቦታ ላይ አምስት ሆንን። የቦንጋ ባጃጅ ነጂ ከመነሳቱ በፊት ስለ እናቴ ጤንነት ይጠይቃል። የዚህኛው ረዳት የጠየቀኝ "ጠጋ በያ" የሚል ብቻ ነው፣ እሱም ጥያቄ ከተባለ።

ዶክተር ሳሙኤል ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ነው የሚኖሩት። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው ትንሽ ወደፊት ያዘነበለ ሽማግሌ ናቸው። ከመምህር አበራ ተልኬ የመጣሁ ምህረት ነኝ ስላቸው ሳላማንደሯ ልጃቸው የሆነች ይመስል ዓይናቸው በራ። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉ፣ መብራት አስጠጉ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ወለወሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ጋዜጣውን በቀስታ ገለጡት። ክዳኑን ከፈቱ። አጎንብሰው ወደ ውስጥ አዩ።

ከዚያ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ።

"ምህረት" አሉኝ፣ "አከርካሪዋ ሟሟ ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት?"

እዚያው መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ዳቦ አመጡና ማሩን እየቀቡ ይበሉ ጀመር። ማሩ ተከፍቶ ተቀምሷል፤ ሰው የቀመሰውን ጠርሙስ ከፊቱ አንስቶ መሄድ እኛ ዘንድ ስለማይደረግ "ለእርስዎ ይሁን፣ ዶክተር" አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የአክስቴን ማር ሰው ቤት መተዌ ትዝ አለኝ፤ ግን አንዴ ሰጥቻለሁ።

እየበሉ ምን ሊያዩ እንደፈለጉ ነገሩኝ። የሰው አንገት ውስጥ ሰባት አጥንት አለ፤ ሳላማንደር ያላት አንድ ብቻ ነው። ከዚያች አጥንት ትንሽ ጉጥ ወጥታ ከራስ ቅሉ በስተኋላ ባለው ቀዳዳ ትገባለች። ስለዚህ ራስና አከርካሪ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው። ውሃ ውስጥ እየኖረ ምግቡን ከውሃው ጋር የሚስብ ዓይነት ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ የብስ ላይ ምላሱን እየወረወረ ነፍሳት የሚይዘው ሌላ ነው፤ አፈር የሚቆፍረውም ሌላ። ብዙ ዓይነቶችን አሰልፈው የለኩ ሰዎች ያዩት፣ በረጅም ዘመን ውስጥ ራስ ሲለወጥ አከርካሪም አብሮ እንደሚለወጥ ነው።

"ራስ ይቀድማል ማለት ነው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"እንደሱ አላልኩም" አሉ፣ አንድ ዳቦ ጨመሩ። "አብረው ነው ያልኩት። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ቢለወጥ ፍጥረቷ ቀና ብላ መብላት አትችልም። በይ ሂጂና ሳላማንደሬን ፈልጊልኝ።"

ወደ ጀሞ ስመለስ አክስቴ ደርሳ ነበር። ነገሩን ስነግራት ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያቀፍኩትን ጠርሙስ በመጣሁበት ምሽት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላሉት ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰጥታዋለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አክስቴ ታማ በተኛችበት ወቅት ሾርባ እየሠሩ ያስታመሟት ጎረቤት ናቸው፤ እሑድ ለልጃቸው ሽማግሌ ይልካሉ፤ ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ የከፋ ማር ከመስጠት የተሻለ ምን አለ?

"ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ለምን አላየሽም?" አልኳት።

"የሰው ቦርሳ እከፍታለሁ እንዴ? እንግዳ ለዘመድ ያመጣውን ነው የሚያቅፈው። አጥንት የሚያቅፍ ሰው የት አይቼ አውቃለሁ?"

ወርጄ ልጠይቃቸው ስነሳ እጄን ያዘችኝ። የሰጡትን ማስመለስ ነውር ነው። ከዚያም በላይ፣ ለልጄ ሽምግልና የሞተ እንሽላሊት ሰጠችኝ ተብሎ ሕንጻው በሙሉ ቢሰማስ? እንሽላሊት አይደለችም፣ ዘመዷ እንቁራሪት ነው ስላት "ያ ነው የሚያጽናናኝ?" አለች።

ቅዳሜ

አክስቴ ሌሊቱን ጸልያ ጠዋት ላይ መላ ይዛ ተነሳች። ጠርሙሱ እንደታሸገ ነው፤ የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ በቀለ እሑድ ራሱ ይዞት እንዲሄድ ወስዶታል። ስለዚህ እኔ ማሩን ይዤ ሙሽሪት ቤት መግባትና ማንም ሳይከፍተው መለወጥ አለብኝ። ስጦታ ደግሞ ሰጪው ፊት ስለማይከፈት ጊዜ ይኖረኛል። እንዴት እገባለሁ ስላት "እሱን ጌታ ያውቃል፣ አንቺ መጀመሪያ ማሩን አምጪ" አለች።

በሰጠሁ ማግስት ማር ለማስመለስ መካኒሳ ሄድኩ። አፈር ብሆን እመርጥ ነበር። ማሩ ከጠርሙሱ አንገት ዝቅ ብሏል። ዶክተር ሳሙኤል በሩ ላይ አይተውኝ ሳልናገር "ስጦታ ነው የበላሁት፣ አልሰረቅኩም" አሉ። ሁሉንም ስነግራቸው ጎበዝ ተማሪ ያገኙ ይመስል ደስ አላቸው።

"ስንት ሽማግሌ ነው የሚሄደው?"

አንደኛው ሪህ ተነስቶበት እንደቀረ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅም ቦታውን የሚሞላ ሽበታም ፍለጋ ላይ መሆናቸውን ከአክስቴ ሰምቼ ነበር። ዶክተር ሳሙኤል ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። "ሽበት እንኳ ሞልቶኛል" አሉ።

ማታ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በደስታ ሊያለቅሱ ደረሱ። ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ዶክተር አገኙ። የምን ዶክተር እንደሆኑ አልጠየቁም፤ እኛም አልነገርናቸውም። እኔ ደረጃ ላይ የምደግፋቸው ልጅ ተብዬ ልከተላቸው ተወሰነ።

እሑድ

የሐና ቤት ብስራተ ገብርኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም አይርቅም። ሐና ማለት ሙሽሪት ልትሆን የታሰበችው ናት። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። አባቷ "ተቀመጡ እንጂ" አሉ። ጋሽ በቀለ፣ ሰፊ ደረትና ከባድ ድምፅ ያለው ሰው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አለ። በእኛ ወረዳም እንዲሁ ነው፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል ወንበር አይነካም። እናቷ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ጓዳ ሄዱ። "ላግዝዎት" ብዬ ተከተልኩ። ማሩን በነጠላዬ ሥር ይዣለሁ።

ጓዳ ውስጥ እናትየው ጠርሙሱን ለሐና ሰጥተው በሩ ጋ ተመለሱ፣ የሚባለው እንዳያመልጣቸው። ለመለወጥ የሚያስፈልገኝ ሐና ዞር ማለቷ ብቻ ነበር። ሐና ግን አልዞረችም። ቢላ አንስታ ፕላስተሩን ቀደደችው።

አልጮኸችም። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ትክ ብላ አየችው። በኋላ እንደሰማሁት ክሊኒክ ውስጥ ራጅ የምታነሳ ባለሙያ ናት፤ ከመሸ እስኪነጋ አጥንት ነው የምታየው።

"ይሄ አከርካሪ ነው" አለች በዝግታ። "ማር ነው ብለው የላኩልኝ አከርካሪ ነው?"

ነጠላዬን ገልጬ ማሩን አሳየኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ከቦንጋ ጀመርኩ። ጥሩ አድርጌ ለማስረዳት ስል የአንገቷን አጥንትና ጉጧንም አልተውኩም። ሳሎን ውስጥ የጋሽ በቀለ ድምፅ ይሰማናል፤ ልጁ ሐዋሳ ጥሩ ሥራ እንደያዘ፣ ሐናም የክሊኒኩን ሥራ ትታ እንደምትከተለው፣ ባል የሚስት ራስ እንደሆነ፣ ራስ ወደ ዞረበት ሰውነት መዞሩ የተፈጥሮ ሕግ እንደሆነ ይናገራል።

ሐና ወደ በሩ አየች። "ራስ ሲዞር አከርካሪ ይከተላል። እውነት ነው?"

አዎ ብላት ሁሉም ደስ ይለው ነበር፤ እኔም ሰው ደስ ሲለው ደስ ይለኛል። ግን እንደዚያ አልተማርኩም።

"አይደለም" አልኳት። "አብረው ነው የሚለወጡት። ማን እንደሚቀድም አላውቅም፣ ዶክተርም አልነገሩኝም። አንዱ ብቻውን ከተለወጠ ግን ቀና ብላ መብላት አትችልም።"

ሐና ትሪ አነሳች፣ ጠርሙሱን አስቀመጠችበት፣ ወደ ሳሎን ወጣች። ማሩን ይዤ ከኋላዋ ሮጥኩ፤ ምን ላደርግ እንደሆነ አሁንም አላውቅም።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጋሽ በቀለ ንግግሩን ሳይጨርስ አጎንብሶ አየ። ቀይ አጥንት ከጠርሙሱ ውስጥ መልሶ አየው። እስካልተፈቀደልን አንቀመጥም ያለው ሰው ሶፋው ላይ ዱብ አለ።

"በስመ አብ" አሉ እናትየው።

ዶክተር ሳሙኤል ግን ሽምግልናውን ረሱት። ከኪሳቸው አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ተንበረከኩ። "ምህረት፣ መብራት" አሉ። የስልኬን መብራት አበራሁላቸው። ራሱን አዩ፣ አንገቱን አዩ፣ ክሩን አዩ፣ እንደገና ራሱን አዩ።

"ምንድነው የሚያዩት ዶክተር?" አሉ የሐና አባት።

"ይህ ራስ የዚህ አከርካሪ መሆን አለመሆኑን።"

"እና?"

ዶክተር ሳሙኤል ቀና ብለው ሰዎቹን አዩ፤ የት እንዳሉ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላቸው። ጋሽ በቀለ በዓይኑ ይለምናቸዋል። ለአፍታ የሚዋሹ መስሎኝ ነበር።

"አይደለም" አሉ። "ራሱ የውሃ ነው፣ አከርካሪው የየብስ። ጉጧም ቀዳዳው ውስጥ አልገባችም። ክሩ ነው የያዛቸው።"

ሐና ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። "እኔም ልላችሁ የፈለግሁት ይሄንን ነው" አለች። "ልጁን አልጠላሁትም። ግን እዚህ ስታስሩን ሁለታችንንም የጠየቀ ሰው የለም። እሱ ሐዋሳ፣ እኔ አዲስ አበባ፤ መጥቶ ከእኔ ጋር ይነጋገር። ከተለወጥንም አብረን እንለወጥ።"

አባቷ ልጃቸውን አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠውን ጋሽ በቀለን አዩ። ሳቃቸውን ለመዋጥ ያደረጉት ትግል ከእኔ አልተሰወረም። "መቼም ተቀምጣችኋል" አሉ። "መልሱን የዛሬ ሳምንት፣ ልጁን ይዛችሁ ስትመጡ።"

ያኔ ማሩን አውጥቼ ለእናትየው ሰጠሁ። ገልጠው አዩና ለምን እንደጎደለ ጠየቁ። ዶክተር ሳሙኤል ኮርኒሱን ይመለከቱ ጀመር። ምሳ ሳንበላ አለቀቁንም፤ ጋሽ በቀለ ብቻ ትሪው ካለበት ጠረጴዛ ርቆ ነው የበላው።

ማታ አክስቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት ወረደች፣ ሁሉንም ነግራ ይቅርታ ልትጠይቅ። ረጅም ጊዜ ቆየች። ሳቃቸው በደረጃው እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማ ነበር።

ሰኞ

ዶክተር ሳሙኤል አየር ጤና ድረስ ሸኙኝ። ክሩን ለምን እንዳልፈቱት ስጠይቃቸው "ያሰረው ነው የሚፈታው" አሉ።

ወደ ቦንጋ ሙሉውን መንገድ ለመምህር አበራ የምነግራቸውን ሳለሰልስ ዋልኩ። ጊቤ ላይ "ትንሽ አጠራጣሪ ነው" ልል ወስኜ ነበር፤ ጅማ ላይ "የእሷ ሳይሆን አይቀርም" ላይ ደረስኩ። ቁልፉን ሳስብ ከእውነቱ ይልቅ ይሄ ይሻለኝ ነበር። ሐና ትሪውን ይዛ ስትወጣ ትዝ ሲለኝ ግን አፈርኩ። በማግስቱ ፊታቸው ቆሜ "ራሱ የእሷ አይደለም" አልኩ፤ ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

መምህር አበራ ከቁም ሣጥኑ ጥግ ስም ያልተጻፈባት፣ ራስም የሌላት ሌላ ሳላማንደር በጠርሙስ አወጡ፤ መደርደሪያው በወደቀ ቀን ከወለሉ የተለቀመች ናት። መብራት ያዢልኝ አሉና ክሩን ፈቱት። ጠፍጣፋውን ራስ ወደ ሁለተኛዋ አስጠጉት። ጉጧ ገባች። ለዓመታት ተማሪዎች አንዲት ፍጥረት ብለው የሳሏት ሁለት ነበረች። መምህር አበራ "ሂጂ፣ ደክሞሻል" ብለው አሰናበቱኝ። ስለ ቁልፉ አላነሱም፤ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ።

በሳምንቱ ሰኞ አክስቴ ደወለች። ልጁ ከሐዋሳ መጥቶ ከሐና ጋር ሙሉ ቀን ተነጋግሯል፤ መሥሪያ ቤቱን ወደ አዲስ አበባ እንዲያዛውረው ጠይቋል፤ እሷም የሌሊት ሥራዋን ወደ ቀን ልታስቀይር ተስማምታለች። ሽማግሌዎቹ እሺ ተብለዋል። ጋሽ በቀለ በሁለተኛው ጊዜ ምንም ሳይዝ፣ ባዶ እጁን ሄዷል።

ስልኩን ዘግቼ ክፍል ስገባ መምህር አበራ ጠሩኝና የቁም ሣጥኑን ክፍል ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩ። ማንጠልጠያው ያ ቀጭን ክር ነበር። ቀኑ የካቲት 3፣ አዲሱ ሴሚስተር የተጀመረበት ነበር።